አንድ ቀን የፈጀው አልበም፦ የብላክ ሳባዝ የመጀመሪያ ሸክላ

ስለ እንግሊዙ የሮክ ባንድ ስለ ብላክ ሳባዝ ወሬ ሲነሳ ሦስት ነገር አይቀርም። አንዱ የጣት ወሬ ነው፦ ጊታር ተጫዋቹ የጣቶቹን ጫፍ ማሽን ቆርጦበት እንዴት ተመልሶ እንደተጫወተ። ሁለተኛው የሰይጣን ወሬ ነው። ሦስተኛው ደግሞ «አልበሙን በአንድ ቀን ቀርፀው ወጡ» የሚለው ነው። ሦስቱም ውሸት አይደሉም። ግን ወሬ ሲዘዋወር ይጣመማል፤ እነዚህም ተጣመዋል።

እዚህ የማየው አንድ ጉዳይ ብቻ ነው፦ በ1970 የወጣውን የመጀመሪያ አልበማቸውን። የአልበሙ ስም እንደ ባንዱ «ብላክ ሳባዝ» ነው። የመክፈቻው ዘፈን ስምም ያው ነው። አብዛኛው ሰው የሄቪ ሜታል፣ የዚያ ከባድና ጯሂ የሮክ ዓይነት፣ መነሻ የሚለው ይህንን ሸክላ ነው። እንዴት ተሠራ? ውስጡ ምን አለ? ከሱ ማን ምን ወሰደ? ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠራው።

የአስተን ልጆች

አራቱም የአንድ አካባቢ ልጆች ናቸው። ሰፈሩ አስተን ይባላል፤ እንግሊዝ አገር፣ በርሚንግሃም ከተማ ውስጥ። የተወለዱት በ1948 እና በ1949 ነው። ጦርነቱ ካለቀ ገና ሦስት አራት ዓመቱ። የጀርመን ቦምብ ያፈረሳቸው ቤቶች ፍርስራሽ ሳይነሳ ልጆቹ እዚያው ላይ ይጫወቱ ነበር። በርሚንግሃም የፋብሪካ ከተማ ነች። ብረት ይቀልጣል፣ ይቀጠቀጣል፣ መኪና ይገጣጠማል። ቀን ከሌት ድም ድም ነው።

ዘፋኙ ኦዚ ኦዝቦርን ስድስት ልጆች ያሉበት ጠባብ ቤት ውስጥ ነው ያደገው። አባቱ የሌሊት ፈረቃ የሚገቡ ብረት ሠሪ ነበሩ። እናቱ የመኪና ዕቃ ፋብሪካ ውስጥ ይሠሩ ነበር። ቤታቸው ለቪላ ፓርክ ስታዲየም ቅርብ ነው። አስተን ቪላ ሲጫወት ኦዚ «መኪናዎትን ልጠብቅልዎ» እያለ ሳንቲም ይለቅም ነበር። አዲስ አበባ ስታዲየም አካባቢ ያደገ ሰው ይህን ሥራ ማንም ሳያስረዳው ያውቀዋል። በ15 ዓመቱ ትምህርት አቆመ። ቄራ ሠራ። የመኪና ክላክስ ድምፅ ሲያስተካክል ዋለ። ልብስ ሰርቆ ተያዘና አባቱ ቅጣቱን አልከፍልም ስላሉ ስድስት ሳምንት ታሰረ።

ቤዝ የሚጫወተው ጊዘር በትለር የካቶሊክ ቤተሰብ ልጅ ነው። መጽሐፍ አንባቢ ነው፤ የሂሳብ ሥራም ጀምሮ ነበር። ድራመሩ ቢል ዋርድ ደግሞ ከልጅነቱ የጃዝ ከበሮ ሲሰማ ያደገ ነው። ይህቺን የጃዝ ነገር ያዙልኝ፣ ኋላ እመለስባታለሁ።

ጊታሪስቱ ቶኒ አዮሚ ኦዚን ከትምህርት ቤት ያውቀዋል። አይወደውም ነበር። በ1968 ቶኒና ቢል ዘፋኝ ሲፈልጉ ሙዚቃ ዕቃ መሸጫ ውስጥ አንድ ማስታወቂያ አዩ። «ኦዚ ዚግ» የሚባል ልጅ ሥራ ይፈልጋል፤ የራሱ ድምፅ ማጉያም አለው ይላል። ሄደው አንኳኩ። ቶኒ በሩን የከፈተው ማን እንደሆነ ሲያይ ተመልሶ ሊሄድ ምንም አልቀረውም። ግን በዚያ ዘመን የራሱ ድምፅ ማጉያ ያለው ልጅ በቀላሉ አይገኝም።

የጣቱ ወሬ

ቶኒ 17 ዓመቱ ሳለ ላሜራ ፋብሪካ ውስጥ በያጅ ነበር። ሙዚቀኛ ሊሆን ሥራውን ለቋል፤ የመጨረሻ ቀኑ ነው። ለምሳ ቤት ገባና ከሰዓት መመለስ አስጠላው። እናቱ ግን የጀመርከውን ጨርስ ብለው ሰደዱት። ያን ቀን ላሜራ የሚጫነው ማሽን ላይ የሚሠራው ሰው ስላልመጣ ቶኒን እዚያ ላይ መደቡት። ማሽኑ የመሃልና የቀለበት ጣቱን ጫፎች ይዞ ቀረ። የቀኝ እጁን። ቶኒ ደግሞ ግራኝ ነው፤ የጊታር ክር የሚይዘው በቀኝ እጁ ነው።

ጊታር በቃኝ ብሎ ተቀምጦ ሳለ የፋብሪካው ኃላፊ አንድ ሸክላ ይዞለት መጣ። የጃንጎ ራይንሃርት ሥራ ነው። ጃንጎ እጁ በእሳት ተቃጥሎ በሁለት ጣት ብቻ የሚጫወት የጃዝ ሊቅ ነበር። ቶኒ ይህን ሲሰማ ተነሳ። የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና የፕላስቲክ ጠርሙስ አቅልጦ ለሁለቱ ጣቶቹ ቆብ ሠራ። ፕላስቲኩ እንዳያንሸራትት ከአሮጌ ጃኬት ቆዳ ቆርጦ ለጠፈበት። ወፍራም ክር ስለሚያመው ቀጫጭን የባንጆ ክር ጊታሩ ላይ አሰረ።

እስከዚህ ድረስ እውነት ነው። ወሬው የሚጣመመው ቀጥሎ ነው። «ጣቱን ስለሚያመው ክሩን አላልቶ ቃኘ፤ ያ ከባድ ድምፅ ከዚያ መጣ» ይባላል። ክሩን በጣም ዝቅ አድርጎ የቃኘው ግን በ1971 በወጣው ሦስተኛው አልበም ላይ ነው። የመጀመሪያው አልበም በተለመደው ቅኝት የተቀረፀ ነው። ጊታር ያለው ሰው አሁኑኑ ከፍቶ አብሮ ሊጫወት ይችላል፤ ይገጥምለታል። ታዲያ ክብደቱ ከየት መጣ?

እኔ መልሱን ከጣቱ ይልቅ ቤዙና ድራሙ ላይ ነው የማገኘው። ጊዘር ከዚህ በፊት ጊታር ተጫዋች ነበር። ቶኒ ሁለተኛ ጊታር አልፈልግም ስላለ ነው ቤዝ የያዘው። ስለዚህ እንደ ቤዝ ተጫዋች ከሥር አይሄድም። ቶኒ የሚጫወተውን ሪፍ (እየተደጋገመ የሚመጣውን አጭር የጊታር ዜማ) ያንኑ እየተከተለ በወፍራም ክር ይደግመዋል። ሁለት ሰው አንድ ግንድ ተሸክሞ እንደሚሄድ ነው። ቢል ደግሞ የጃዝ ልጅ ስለሆነ ቀጥ ብሎ አይመታም፤ ይወዛወዛል፣ ይዘገያል፣ ዝም ይላል። ከዚህ አልበም በኋላ የመጡ ብዙ የሜታል ባንዶች ሪፉን ወስደው ውዝዋዜውን ረሱት። ለዚህም ይመስለኛል ዛሬም ይህን ሸክላ ስትሰማ ከልጅ ልጆቹ ይልቅ ሕያው የሚሆነው።

ሐምቡርግ እና የጠዋት ልምምድ

ባንዱ ሲጀምር ስሙ ሌላ ነበር። በ1968 ፖልካ ታልክ ብሉዝ ባንድ ተባለ፤ ሳክስፎንም ነበረበት። ከጥቂት ሳምንት በኋላ አራት ብቻ ቀሩና ኧርዝ ተባሉ። የሚጫወቱት ብሉዝ ነው፤ የአሜሪካ ጥቁሮች ሙዚቃ። በርሚንግሃም ባቡር ጣቢያ አጠገብ ዘ ክራውን የሚባል መጠጥ ቤት ነበር። ከፎቁ ላይ ጂም ሲምፕሰን የሚባል ሰው የብሉዝ ክለብ ከፍቶ ነበር። እዚያ ተጫወቱ፤ ሲምፕሰን ማናጀራቸው ሆነ።

በ1968 መጨረሻ ቶኒ ለጥቂት ጊዜ ከዳቸው። ጄትሮ ተል የሚባለው ታዋቂ ባንድ ጠራውና ሄደ። ከሮሊንግ ስቶንስ ጋር በተቀረፀ ዝግጅት ላይ እንኳ አብሯቸው ይታያል። ግን አልቆየም፤ ወደ ሰፈሩ ልጆች ተመለሰ። ሲመለስ አንድ ነገር ይዞ መጣ። ጄትሮ ተሎች ጠዋት በሰዓቱ ተነስተው እንደ መሥሪያ ቤት ይለማመዳሉ። ቶኒም የራሱን ልጆች ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ መሰብሰብ ጀመረ። ለኦዚ ምን ያህል እንደከበደው መገመት አያቅትም።

ከዚያ ሐምቡርግ፣ ጀርመን አገር። ቢትልስ ከመታወቃቸው በፊት የሠሩበት ስታር ክለብ ነው። ሥራው ጉልበት ይጠይቃል። በቀን እስከ ሰባት ጊዜ መድረክ ላይ ይወጣሉ። ያላቸው ዘፈን ግን ለዚህ ሁሉ አይበቃም። ስለዚህ ዘፈኑን መለጠጥ ነው። አንድ ሪፍ ይዘው ይቆያሉ፤ ቶኒ ብቻውን ይጫወታል፤ ቢል ብቻውን ይመታል፤ ሰዓቱ እስኪያልቅ።

የአንድ ቀኑ ወሬ የሚዘነጋው ይህን ነው። ስቱዲዮ ሲገቡ ዘፈኖቹ በየመጠጥ ቤቱ የታሹ ነበሩ። አልበሙን ሠርቶ ለመጨረስ አንድ ዓመት ገደማ ፈጅቷል። ያቺ አንድ ቀን የተሠራውን ማስቀመጫ ብቻ ነች።

ሦስት ድምፅ

ኧርዝ የሚባል ሌላ ባንድ ነበር። አንዴ በዚያ ባንድ ስም ተጠርተው ሌላ ዓይነት ሙዚቃ የሚጠብቅ ታዳሚ ፊት ቀረቡ። ስም መቀየር ግድ ሆነ። ከልምምድ ቦታቸው ፊት ለፊት ሲኒማ ቤት ነበር። ሰው አስፈሪ ፊልም ለማየት ከፍሎ ይሰለፋል። ሰው ለመፍራት ይከፍላል ማለት ነው! ታዲያ አስፈሪ ሙዚቃ ብንሠራስ አሉ። የማሪዮ ባቫ አስፈሪ ፊልም በእንግሊዝኛ የሚጠራበትን ርዕስ ለራሳቸው ወሰዱ፦ ብላክ ሳባዝ፤ ጥቁር ሰንበት። ሰንበት ለኛ የዕረፍት ቀን ነው። አውሮፓ ውስጥ ግን ቃሉ ጠንቋዮች በሌሊት የሚሰበሰቡበትን ጉባኤም ይጠሩበታል።

የዘፈኑ መነሻ ደግሞ ክላሲካል ሙዚቃ ነው። ጊዘር የእንግሊዛዊውን የጉስታቭ ሆልስት ሥራ ይወድ ነበር። ሆልስት ስለ ፕላኔቶች ከጻፋቸው ውስጥ ጦረኛው «ማርስ» አለ። ጊዘር እሱን በቤዝ ሲሞክር ቶኒ ሰማው። በማግስቱ ቶኒ ከዚያ የተነሳ የራሱን ነገር ይዞ መጣ። ሦስት ድምፅ ብቻ ናት። ሶል፤ ከላይ ያለው ሶል፤ ከዚያ ዶ ሻርፕ። አበቃ። ሦስተኛው ድምፅ ላይ ትንቀጠቀጣለች።

ከሶል እስከ ዶ ሻርፕ ያለው ርቀት ሦስት ሙሉ ቶን ነው፤ ትራይቶን ይባላል። የአውሮፓ የሙዚቃ መምህራን በአንድ ዘመን «ሙዚቃ ውስጥ ያለ ሰይጣን» ብለውታል። ከዚህ ተነስቶ ነው «ቤተ ክርስቲያን ከልክላው ነበር» የሚባለው። ተጋንኗል። ለመዘመር የሚያስቸግር፣ ጆሮ የሚቆረቁር ስለሆነ ነው የተጠነቀቁለት።

እዚህ ላይ አንድ የራሳችንን ነገር ልጨምር። የኛው የአንቺ ሆዬ ቅኝት ውስጥ ይኸው ርቀት ቁጭ ብሏል። ከዶ ብንነሳ ዶ፣ ሬ ቤሞል፣ ፋ፣ ሶል ቤሞል፣ ላ ነው። ከዶ እስከ ሶል ቤሞል ያው ሦስት ቶን ነው። እኛ ሰርግ እንደግስበታለን! ስለዚህ ፍርሃቱ ርቀቱ ውስጥ የለም። ፍርሃቱ ያለው አዝጋሚነቱ ውስጥ ነው፤ በድምፁ መወፈርና በመካከል ባለው ባዶ ቦታ ውስጥ። ቶኒ ይመታል፣ ይተወዋል፣ ድምፁ እስኪሞት ይጠብቃል። ያኔ አንተ የምትጠብቀው ነገር ይመጣል ብለህ ትሰጋለህ።

ግጥሙ የመጣው ከጊዘር ቅዠት ነው። በዚያን ጊዜ ስለ ጥንቆላና መናፍስት ያነብ ነበር፤ ቤቱንም ጥቁር ቀብቶታል። ኦዚ አንድ አሮጌ የጥንቆላ መጽሐፍ ሰጠው። ሌሊት ሲነቃ እግርጌው ጥቁር ነገር ቆሞ አየ። ተነስቶ መጽሐፉን ካስቀመጠበት ቢፈልግ የለም። ያመነ ይመን። ጊዘር ለኦዚ ነገረው፣ ኦዚም ጻፈው። ግጥሙን ያዳመጠ ሰው የሚያገኘው የደነገጠ ሰው ነው። ሰይጣንን አያመሰግንም። አምላኬ አድነኝ ብሎ ይጮሃል።

ኦክቶበር 16፣ 1969

ብዙ የሙዚቃ ኩባንያዎች እምቢ ካሏቸው በኋላ ለንደን ሪጀንት ሳውንድ ስቱዲዮ ገቡ። ፕሮዲዩሰሩ ሮጀር ቤይን ነው፤ ሳውንድ ኢንጂነሩ ቶም አሎም። ሁለቱም ገና ስም ያላወጡ ወጣቶች ናቸው። የተመደበው ገንዘብ 600 ፓውንድ ገደማ ነው። ከአንድ ክፍል ውስጥ መሣሪያቸውን ደረደሩ፤ ኦዚን ለብቻው ጓዳ ውስጥ አስገቡት፤ ልክ እንደ መድረክ አንድ ላይ ተጫወቱ። 12 ሰዓት ያህል ፈጀ። ከጥቂት ቦታዎች በቀር ተመልሶ ማስተካከል አልነበረም። ልጆቹም አልበም እንዲህ አይደለም የሚሠራው የሚል ነገር አያውቁም። ተጫወቱ፣ ጨረሱ፣ ዕቃቸውን ጭነው ሄዱ።

ያን ቀን አንድ አጋጣሚ ነበር። ቶኒ ነጭ ፌንደር ስትራቶካስተር ጊታር ይዞ ነው የገባው። «ዊክድ ወርልድ» የሚለውን ዘፈን እንደቀረፁ የጊታሩ ድምፅ መሳቢያ ተበላሸ። ለመጠባበቂያ ያመጣውን ጊብሰን ኤስ ጂ አነሳና ቀረፃውን በሱ ጨረሰ። ከዚያ በኋላ ያንን ጊታር ትቶት አያውቅም ማለት ይቻላል። ባለ ሁለት ቀንዱ ኤስ ጂ ዛሬ የሜታል ምልክት ሆኗል።

ዝናቡ፣ ነጎድጓዱና የቤተ ክርስቲያኑ ደወል ግን የባንዱ ሐሳብ አይደሉም። ቤይንና አሎም ናቸው በኋላ የጨመሩት፤ ከተዘጋጀ የድምፅ ክምችት አውጥተው። ልጆቹ ሲሰሙት ደነቃቸው። ለኔ የአልበሙ ግማሽ ዕድል እዚያች ደወል ላይ ነው። ደወሏ ባትኖር መጀመሪያው ዘፈን የዘገየ ብሉዝ ነው ብሎ የሚያልፈው ሰው ይኖር ነበር። ደወሏ ስላለች ግን የመጀመሪያው ጊታር ከመሰማቱ በፊት አድማጩ የመቃብር ቦታ ቆሟል።

ውስጡ ምን አለ?

አሁን ብዙ ሰው የማይወደውን ልናገር። ይህ አልበም ግማሹ ብሉዝ ነው። ሰባት ዘፈን አለው፣ ርዝመቱ 38 ደቂቃ ገደማ። ሁለቱ የሌላ ሰው ዘፈኖች ናቸው። «ኢቭል ውመን» የአሜሪካው ክሮው የሚባል ባንድ ሥራ ነው፤ ለነጠላ ሸክላ ይሸጣል ተብሎ ነው የተሠራው፤ ልጆቹ ራሳቸው ብዙም አልወደዱትም። አሜሪካ ሲወጣ በ«ዊክድ ወርልድ» ተተካ፤ ደግ አደረጉ። «ዎርኒንግ» የኤንስሊ ደንባር ባንድ ዘፈን ነው። ከ10 ደቂቃ በላይ ይሄዳል። የሐምቡርግን ሌሊት መስማት የሚፈልግ እሱን ይስማ። ቶኒ ሲንከራተት፣ ሲጠፋ፣ ሲመለስ ይሰማል። እኔ በግሌ መሃሉ ላይ ይሰለቸኛል።

«ዘ ዊዛርድ» በኦዚ ሃርሞኒካ ይጀምራል። ጊዘር ያኔ የቶልኪንን ልቦለድ ያነብ ስለነበር ዘፈኑ ላይ ያለው ጠንቋይ የልቦለዱ ጋንዳልፍ ነው። ደግ ጠንቋይ ነው፤ ሰው ያስደስታል። ሰይጣን ፈላጊ ሁሉ ይህቺን ዘሏት ያልፋል።

«ኤን አይ ቢ» ደግሞ የወሬን ነገር ለማጥናት የተመቸች ነች። ጊዘር ብቻውን በቤዝ ይከፍታታል። ግጥሟ ሰይጣን በፍቅር ወድቆ ሲለማመጥ ነው፤ ቀልድ አለበት። ሰው ግን ሦስቱን ፊደሎች ፈታቸው። «ናቲቪቲ ኢን ብላክ»፣ «ልደት በጥቁር» ማለት ነው ተባለ። ባንዱ የሚለው ሌላ ነው። የቢል ጢም ሾጣጣ ስለነበር የብዕር ጫፍ ይመስላል፤ የብዕር ጫፍ በእንግሊዝኛ «ኒብ» ነው። በፊደሎቹ መካከል ነጥብ ጨመሩና ምስጢር መሰለ። ይኸው ነው። በ1994 ሌሎች ባንዶች ለሳባዝ ክብር የሳባዝን ዘፈኖች ተጫውተው አልበም ሲወጣ ርዕሱ ምን ሆነ? ያው የተሳሳተው ፍቺ፦ «ልደት በጥቁር»።

ታዲያ ሜታሉ የት አለ? የመጀመሪያዎቹ ስድስት ደቂቃዎች ውስጥ፣ በ«ኤን አይ ቢ» ሪፍ ውስጥ፣ በ«ቢሃይንድ ዘ ዎል ኦፍ ስሊፕ» አንዳንድ ቦታ። ከዚህ በፊት ከባድ ሮክ አልነበረም ማለት አይደለም። ብሉ ቺር በ1968፣ ሌድ ዘፕሊን በ1969 ጆሮ የሚያደነቁር ሥራ አውጥተዋል። ክሪምና ሄንድሪክስም አሉ። «ማን ቀደመ» የሚለው ክርክር ስለዚህ አያልቅም። ግን እነዚያ ሁሉ ምንም ቢጮሁ ሙዚቃቸው ያስጨፍራል፤ ልጅ ይጠራል፣ ይማርካል። የሳባዝ መክፈቻ ዘፈን ማንንም አይጠራም። ዘመኑ ገና የአበባና የፍቅር ዘመን ነበር፤ አበባው ግን አስተን አልደረሰም።

የሰይጣኑ ወሬ

አልበሙ እንግሊዝ ውስጥ የወጣው ፌብሩዋሪ 13 ቀን 1970 ነው። እንደኛ የካቲት 6 ቀን 1962 ዓ.ም.። ዕለቱ ዓርብ ነው። ፈረንጆች ዓርብ 13ን ይፈሩታል፤ አሳታሚው ቨርቲጎ ሆን ብሎ ነው የመረጣት። (13 ወር ፀጋ ለምንለው ለኛ 13 ምንም አይደለም።)

የሽፋኑን ፎቶ ያነሳው ኪት ማክሚላን ነው። ቦታው ኦክስፎርድሻየር ውስጥ ማፕልደራም የሚባል፣ ቴምዝ ወንዝ ላይ ያለ አሮጌ የውኃ ወፍጮ ነው። ኢንፍራሬድ ፊልም ስለተጠቀመ ሣሩና ዛፉ የታመመ ሮዝ ቀለም ያዘ። ፊት ለፊት ጥቁር የለበሰች ሴት ቆማለች። የተቀጠረች ሞዴል ነች። ባንዱ ሽፋኑ ላይ የለም። ስለዚህ ገዢው ይህቺ ሴት ማን ነች፣ እነዚህ ሰዎችስ ምንድን ናቸው እያለ ነው ሸክላውን ይዞ ቤቱ የሚገባው።

ሽፋኑ ሲከፈት ውስጡ የተዘቀዘቀ መስቀል አለ። ኩባንያው ነው ያስገባው፤ ልጆቹ አያውቁም ነበር፤ ሲያዩት ተናደዱ። እኛ ዘንድ የተዘቀዘቀ መስቀል ሲነሳ ቁልቁል የተሰቀለው ጴጥሮስ ትዝ ሊለን ይችላል። እዚያ ግን የተነበበው በሌላ ነው። ሰይጣን አምላኪ ነን የሚሉ ሰዎች ይጠሯቸው፣ ይከተሏቸው ጀመር። የካቶሊኩ ጊዘር ደነገጠ። ብረት ሠሪው የኦዚ አባት ለአራቱም መስቀል ሠርተው ሰጧቸው። ከዚያ በኋላ በፎቶ ሁሉ ትልልቅ መስቀል አንገታቸው ላይ ይታያል። ሰው ይህንንም የሰይጣን ነገር አደረገው። የአባት ጥበቃ ነበር።

ሃያሲዎቹ ግን ሰይጣኑንም ሙዚቃውንም አልወደዱም። ሮሊንግ ስቶን መጽሔት ላይ ሌስተር ባንግስ አልበሙን አጣጣለው፤ የክሪም መጥፎ ቅጂ አድርጎ ነው ያየው። ያው መጽሔት ከዓመታት በኋላ የምንጊዜም 500 ምርጥ አልበሞች ብሎ ሲዘረዝር ይህን አልበም አስገባው። ባንግስን ሙሉ በሙሉ አልፈርድበትም። «ዎርኒንግ» ላይ የተናገረው ከሆነ ትክክል ነው። ደወሏን ነው ያልሰማት።

ሰው ግን ሃያሲ አልጠበቀም። እንግሊዝ ውስጥ 8ኛ ደረጃ ደረሰ። አሜሪካ በጁን 1970 ወጥቶ 23ኛ ደረጃ ያዘ፤ ከዓመት በላይም በሰንጠረዡ ላይ ቆየ። ሬዲዮ ብዙም ሳያጫውተው ነው።

ከሱ ማን ምን ወሰደ?

መጀመሪያ የወሰዱት ራሳቸው ናቸው። ሁለተኛው አልበም «ፓራኖይድ» በዚያው ዓመት ወጥቶ እንግሊዝ ውስጥ አንደኛ ሆነ። ብሉዙ እዚያ ላይ ሊጠፋ ተቃርቧል። ብዙ ሰው የበለጠ የሚወደው እሱን ነው፤ እኔም እወደዋለሁ። ግን ሁለተኛውን የወለደው የመጀመሪያው ሸክላ መሸጡ ነው።

ቀጥሎ ጎረቤት። ጁዳስ ፕሪስት የሚባሉት የሜታል ባንድ ከዚያው ከበርሚንግሃም አካባቢ ናቸው። በ1974 የመጀመሪያ አልበማቸውን ፕሮዲዩስ ያደረገው ማነው? ሮጀር ቤይን። በ1980 «ብሪቲሽ ስቲል» የሚለውን ታላቅ ሥራቸውንስ? ቶም አሎም። ያቺ ቀን ስቱዲዮው ውስጥ መስታወቱ ጀርባ የተቀመጡት ሁለቱ ወጣቶች የሜታልን ቀጣይ አሥር ዓመት አብረው ቀረፁ ማለት ነው። ስለ ተፅዕኖ ሲወራ የሚጠቀሱት ጊታር ተጫዋቾች ናቸው። እነዚህን ሁለቱን የሚያነሳቸው ጥቂት ነው።

ከዚያ ዱም ሜታል የሚባለው ዘርፍ አለ። ይህ ዘርፍ ከሞላ ጎደል ከመክፈቻዋ ዘፈን የወጣ ነው። አሜሪካ ውስጥ ፔንታግራምና ሴንት ቫይተስ፣ ስዊድን ውስጥ ካንድልማስ ያንኑ አዝጋሚነት ይዘው ሙሉ ሥራቸውን ሠሩበት። ሌላው ሜታል ሁሉ በ1980ዎቹ ማን ይፈጥናል እያለ ሲሽቀዳደም እነዚህ ወደ ኋላ ቀሩና ቀስ አሉ።

የሚገርመው ከሜታል ውጪ የሄደው ነው። ዋሽንግተን ግዛት ውስጥ ሜልቪንስ የሚባሉ የፓንክ (የፈጣንና ጥሬ ሮክ) ልጆች ፓንኩን በሳባዝ ፍጥነት አዘገዩት። ኒርቫናና ሳውንድጋርደን የወጡት ከዚያ አካባቢ ነው። ሎስ አንጀለስ ደግሞ በ1993 ሳይፕረስ ሂል የሚባሉ ራፐሮች የ«ዘ ዊዛርድ»ን ሙዚቃ ቆርጠው ራፕ ሠሩበት። ራፕ ለመሥራት ደግሞ ድራሙ መወዛወዝ አለበት። የቢል ዋርድ ጃዝ ከ20 ዓመት በኋላ እንዲህ ዋጋ አወጣ። ያዙልኝ ያልኩት ለዚህ ነው።

በ2006 ብላክ ሳባዝ የሮክ ኤንድ ሮል የክብር አዳራሽ ሲገቡ ያስገቧቸው የሜታሊካ ባንድ አባላት ላርስ ኡልሪክና ጄምስ ሄትፊልድ ነበሩ። አራቱ ልጆች ራሳቸው ግን «ሄቪ ሜታል» የሚለውን ስም ለረጅም ጊዜ አልወደዱትም። ቶኒ «ሄቪ ሮክ» ማለት ይቀለው ነበር።

ጁላይ 5 ቀን 2025 አራቱም ለመጨረሻ ጊዜ አንድ መድረክ ላይ ወጡ። አራቱ አብረው ከተጫወቱ 20 ዓመት ሆኗቸው ነበር። ቦታው ቪላ ፓርክ ነው፤ ያው ኦዚ መኪና ይጠብቅ የነበረበት ስታዲየም። ከ40 ሺህ ሰው በላይ ተገኝቷል። ሜታሊካም ሌሎችም ቀድመው ተጫውተው ወረዱ። ኦዚ ፓርኪንሰን ስላደከመው መቆም አልቻለም፤ ዙፋን ላይ ተቀምጦ ዘፈነ። ከ17 ቀን በኋላ፣ በ76 ዓመቱ አረፈ። በዚያ ምሽት አራቱ አብረው የተጫወቱት አራት ዘፈን ብቻ ነው። አንዷ «ኤን አይ ቢ» ነበረች፤ በዚያች ኦክቶበር ቀን ለንደን ላይ የተቀረፀችው።